አሠሪ የሌለው ጋዜጣ

ኮልፌ አጠና ተራ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች ጠባብ የጀበና ቡና ቤት ውስጥ አንድ ማታ አሥራ አንድ ሆነን ተሰበሰብን። ሁላችንም የአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ሠራተኞች ነበርን፦ ስድስት ሪፖርተሮች፣ ሁለት አዘጋጆች፣ አንዲት የገጽ ዲዛይነር፣ አንድ አራሚ፣ አንድ የማስታወቂያ ሠራተኛ። የአራት ወር ደመወዝ አልተከፈለንም። እኛ ሥራ ካቆምን ሳምንት ሆኖናል፤ ባለቤቱ ስልክ ማንሣት ካቆመ ደግሞ ሁለት ሳምንት።

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ዲዛይነራችን ድንገት፣ "እሺ፣ ለምን ራሳችን አናወጣውም?" አለች። "የምትጽፉት እናንተ። ገጹን የምሠራው እኔ። የሚያርመው እሱ፣ ማስታወቂያ የሚያመጣው ያኛው። ሰውየው ምኑን ነው የሚሠራው?"

ሳቅን። ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቁ ቀረና ወረቀትና እስኪብርቶ ወጣ። የማተሚያ ቤት ክፍያ (እሱ በቅድሚያ ነው)፣ የቢሮ ኪራይ፣ ኢንተርኔት፣ ትራንስፖርት፣ የአዟሪዎች ድርሻ። ድምሩ ሲያልቅ ከአዘጋጆቹ አንዱ መነጽሩን አወለቀና ሌላ ጥያቄ አመጣ።

"ይሄን ለጊዜው ተዉት። እያንዳንዳችሁ ያለ ደመወዝ ስንት ወር ትቆያላችሁ?"

በየተራ መለስን። አንድ። ሦስት። "ባሌ ይሠራል፣ ስድስት።" እኔ ሁለት አልኩ።

ሁለት ወር አልቆየሁም። በስምንተኛው ቀን አንድ ጓደኛዬ ደውሎ የሕዝብ ግንኙነት ሥራ እንዳለ ነገረኝ፤ ሄድኩ። ለባልደረቦቼ የነገርኳቸው ውል ከፈረምኩ በኋላ ነው። ከኔ ቀጥሎ ሌላው ሄደ፣ ከሱ ቀጥሎም ሌላው። ጋዜጣው ሳይወለድ ቀረ። ማንም አልወቀሰኝም፤ የከበደኝም እሱ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር የሞከረ ሰው አለ ወይ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የፈለግሁት "ቢቆዩም አይሆንላቸውም ነበር" የሚል ማስረጃ ነበር። አገኘሁት። ነገር ግን ያገኘሁት እሱን ብቻ አይደለም።

ማዲሰን

ማዲሰን የአሜሪካዋ የዊስኮንሲን ግዛት ዋና ከተማ ናት። ያኔ ሁለት ዕለታዊ ጋዜጦች ነበሯት፦ "ካፒታል ታይምስ" እና "ዊስኮንሲን ስቴት ጆርናል"። በአቋም አይገናኙም። አንዱ የተራማጆች፣ ሌላው ወደ ወግ አጥባቂዎች የሚያደላ። ነገር ግን ከ1948 ጀምሮ (የውጭ ሀገሮቹን ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው) ማተሚያቸውም ማስታወቂያቸውም በአንድ የጋራ ኩባንያ ሥር ነበር። አንባቢው ሁለት ጋዜጣ ያያል፤ ሠራተኛው የሚያየው አንድ አሠሪ ነው።

በ1970ዎቹ ኮምፒውተር ወደ ማተሚያ ክፍሎች ገባ። እርሳስ አቅልጠው ፊደል የሚደረድሩ ባለሙያዎች፣ ዕድሜ ልካቸውን የተማሩት ሙያ በጥቂት ዓመት ውስጥ ትርፍ ሆነ። በኛ ሀገር እነዚህ ሰዎች ፊደል ለቃሚ ይባሉ ነበር። በሰፈራችን አንድ ጋሼ አሉ፤ ወጣትነታቸውን በዚህ ሥራ ነው የጨረሱት፤ አሁንም ጽሑፍ ተገልብጦ ቢቀርብላቸው ሳይቸገሩ ያነባሉ። የማዲሰንን ታሪክ ስነግራቸው ብዙም አልገረማቸውም። "ማሽኑ ሲመጣ እኛን የጠየቀን የለም ልጄ" አሉኝ። "ለማሽኑ ክፍል ቀለም ሲቀቡ ነው ያወቅነው።"

የማዲሰኖቹ ፊደል ለቃሚዎች ዝም አላሉም። ኦክቶበር 1 ቀን 1977 የሥራ ማቆም አድማ ተጀመረ። ለኔ ትልቁ ነገር አድማውን የመታው ማን ነው የሚለው ነው፤ አምስት ማኅበራት ናቸው። ፊደል ለቃሚዎቹ ብቻ ሳይሆኑ የማተሚያ ማሽን ሠራተኞቹም፣ ጋዜጣ አጣፊና አከፋፋዮቹም፣ ጋዜጠኞቹም ወጡ። ጋዜጠኛ ለእርሳስ ሠራተኛ ብሎ ደመወዙን ሲተው አስቡት። ካፒታል ታይምስን በ1917 የመሠረተው ዊሊያም ኤቭዩ በተራማጅነቱ የታወቀ ሰው ነበር፤ ጋዜጣውም ለሠራተኛው ይቆረቆራል የሚባል ነው። አሁን የገዛ ሠራተኞቹ መፈክር ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

ሁለቱ ጋዜጦች ግን አልቆሙም። በወጡት ቦታ ሌላ ሰው እየተካ ኅትመቱ ቀጠለ። በዚህ ጊዜ አድማ መቺው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ በር ላይ ቆሞ መጠበቅ፣ አለዚያም የሚያውቀውን ሥራ ሌላ ቦታ መሥራት። እነሱ ሁለተኛውንም ጨመሩ። "ፕሬስ ኮኔክሽን" የሚባል ጋዜጣ መሠረቱ፤ ንብረትነቱ የሠራተኞቹ፣ አደረጃጀቱ የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ አዘጋጁ ሮን ማክሬ። ዕለታዊ ጋዜጣ ሆነ። ያቺ የጀበና ቡና ቤት ውስጥ ተናግረነው የቀረነው ነገር፣ በቃ ተሠርቶ አየሁት።

የኅብረት ሥራ አሠራር ላይ ላዩን ቀላል ነው። አንድ አባል፣ አንድ ድምፅ። አሥር አክሲዮን ያለው አሥር ጊዜ እጁን አያወጣም። ጋዜጣ ላይ ሲመጣ ግን ይወሳሰባል፤ ምክንያቱም ጋዜጣ በየሰዓቱ ውሳኔ የሚፈልግ ሥራ ነው። የትኛው ዜና ፊት ገጽ ይውጣ? የማን ጽሑፍ ይቆረጥ? አዘጋጁ የሚቆርጠው ጽሑፍ የጋዜጣው ባለቤት ጽሑፍ ነው። በማግሥቱ ደግሞ ያው ባለቤት በስብሰባ ላይ አዘጋጁን ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያሉ ጋዜጦች ሁለት ኮፍያ መለየት አለባቸው፦ በጠቅላላ ጉባኤ ሁሉም እኩል፣ በዜና ክፍል ግን አንድ ሰው "ይሄ አይወጣም" የማለት ሥልጣን ያለው። ይህን ያልለየ ከጠላቱ በፊት በስብሰባ ይሞታል።

አንድ እሑድ

በዚያው በማዲሰን "ፕሮግሬሲቭ" የሚባል መጽሔት ይታተማል። በ1979 መጀመሪያ ሃዋርድ ሞርላንድ የተባለ ጸሐፊ ሃይድሮጅን ቦምብ በምን መርህ እንደሚሠራ የሚያብራራ ጽሑፍ ለመጽሔቱ አዘጋጀ። ከማኅደር የሰረቀው ነገር አልነበረም፤ ለሁሉም ክፍት የሆኑ ጽሑፎችን አንብቦ፣ ሰዎችን ጠይቆ የገጣጠመው ነው። "ምስጢር" የሚለው ቃል ራሱ ዜጎች ስለ ኑክሌር መሣሪያ እንዳይከራከሩ አፍ መዝጊያ ሆኗል የሚል ነበር ክርክሩ። የአሜሪካ መንግሥት ግን ፍርድ ቤት ሄደ፤ ማርች 26 ዳኛ ሮበርት ዋረን ጽሑፉ እንዳይታተም አገዱ። ከመታተሙ በፊት ጽሑፍ ማገድ በዚያ ሀገር እጅግ ብርቅ ነገር ነው።

ወራት አለፉ። በበጋው መጨረሻ ቻርልስ ሃንሰን የሚባል የካሊፎርኒያ ነዋሪ፣ ሥራው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ፣ ስለዚሁ ጉዳይ ለሴናተር ቻርልስ ፐርሲ 18 ገጽ ደብዳቤ ጻፈ። ቅጂውንም ለጋዜጦች ላከ። ደብዳቤው በታገደው ጽሑፍ ውስጥ ካለው ብዙውን ይዟል። የበርክሊ ተማሪዎች ጋዜጣ ሊያትመው ሲል ሴፕቴምበር 15 በፍርድ ቤት ታገደ።

በማግሥቱ፣ እሑድ ሴፕቴምበር 16፣ ፕሬስ ኮኔክሽን ደብዳቤውን አተመው።

ሰኞ መንግሥት ክሱን ተወ። ምስጢሩ መንገድ ላይ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ ምኑ ይታገዳል? ፕሮግሬሲቭም ጽሑፉን በኖቬምበር አወጣ።

ይህን ሳነብ ብዙ ጊዜ ቆም ብዬ አሰብኩ። ደብዳቤውን ማተም ትክክል ነበር ወይ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ቦምብ ነውና። ሊያስከስስም ይችል ነበር፤ በሀገሩ የአቶሚክ ሕግ እንዲህ ያለ መረጃ ማውጣት ወንጀል ነው። ለኔ የገረመኝ ሌላ ነው። በዚያ ቅዳሜ ማታ በዚያ ክፍል ውስጥ "ኩባንያችን ይጎዳል" ብሎ ስልክ የሚደውል ሰው አልነበረም። ማስታወቂያዬ ይቀርብኛል፣ ፈቃዴ ይነካብኛል የሚል ባለሀብት ፎቁ ላይ አልተቀመጠም። የሚወስኑትም የሚታሰሩትም ያው ሰዎች ነበሩ። ሁለት ዓመት በእጦት የቆዩት ለዚህ ቀን ነው ማለት አልችልም፤ ቀኑ እንደሚመጣ አያውቁም ነበርና። ቀኑ ሲመጣ ግን የነሱ በር ክፍት ነበር።

ከአራት ወር በኋላ፣ ጃንዋሪ 1980፣ ፕሬስ ኮኔክሽን በገንዘብ እጦት ተዘጋ።

ግላስጎው እና አቴንስ

ማስረጃ ፍለጋዬን ቀጠልኩ። በስኮትላንድ ግላስጎው በ1974 አንድ ትልቅ ጋዜጣ ማተሚያውን ዘግቶ ሲወጣ፣ ከተባረሩት ሠራተኞች ከፊሎቹ የሥራ ስንብት ገንዘባቸውን አዋጥተው፣ ከመንግሥት ብድር ጨምረው፣ "ስኮቲሽ ዴይሊ ኒውስ"ን አቋቋሙ። ሜይ 5 ቀን 1975 ተጀመረ፤ ኖቬምበር 8 ተዘጋ። ስድስት ወር። ባለጸጋው ሮበርት ማክስዌልም ገንዘብ ይዞ ገብቶ ነበር፤ ከገንዘቡ ጋር የማዘዝ ፍላጎቱም አብሮ ገባ። ዕዳ በዛ፣ ማስታወቂያ አነሰ፣ አንባቢ ሸሸ።

ቆይ፣ ሁሉም ይሞታሉ ማለት ነው እንዴ? የግሪኮቹ አልሞቱም። "ኤሌፍቴሮቲፒያ" ወታደራዊው አገዛዝ ከወደቀ በኋላ፣ በ1975 የተወለደ ስመ ጥር የአቴንስ ጋዜጣ ነበር። በኢኮኖሚው ቀውስ ጊዜ፣ በ2011፣ ደመወዝ መክፈል አቆመ። ሠራተኞቹ በዲሴምበር አድማ መቱ፤ በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ የአድማ ጋዜጣ አሳትመው ለሕዝብ ሸጡ። ከዚያ ከመካከላቸው የቻሉት በነፍስ ወከፍ አንድ ሺህ ዩሮ አዋጥተው ኅብረት ሥራ መሠረቱ። ኖቬምበር 5 ቀን 2012 "ኢፊሜሪዳ ቶን ሲንታክቶን" ወጣ፤ "የአዘጋጆቹ ጋዜጣ" እንደማለት ነው። ሲጀምሩ ደመወዛቸው ትንሽ፣ ግን ለሁሉም እኩል ነበር። ዓመታት አልፈው በግሪክ ከሚነበቡት ዋና ዋና ዕለታዊ ጋዜጦች አንዱ ሆነ።

የግላስጎውና የአቴንስ ልዩነት ምንድን ነው? የኔ ንባብ እንዲህ ይላል። ግላስጎው ከትልቅ አሠሪ ትልቅ ሕንፃ፣ ትልቅ ማሽንና ትልቅ ወጪ ወረሰ። አቴንስ አንባቢውን ብቻ ነው ይዞ የወጣው። አሠሪ ሲሄድ ትእዛዙ ይሄዳል፤ ሒሳቡ ግን አይሄድም። ሒሳቡ ከአሠሪው ኪስ ወደ አባላቱ ኪስ ይዞራል። ስለዚህ "ነጻ ነን" ብሎ ለሚጀምር ቡድን የመጀመሪያው ጥያቄ የአዘጋጃችን ጥያቄ ነው፤ ስንት ወር?

ወደ ቤታችን

በኛ ሀገርስ? ማተሚያው ከቤተ መንግሥት ነው የመጣው። ብርሃንና ሰላም በ1914 ዓ.ም. በራስ ተፈሪ ተቋቋመ፤ በስሙ የተጠራው ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. ወጣ። አዲስ ዘመን ከጣሊያን መባረር በኋላ በ1933 ዓ.ም. ሲጀምር የመንግሥት ነበር፣ ዛሬም የመንግሥት ነው። ጋዜጠኛው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ፊደል ለቃሚውም የመንግሥት ሠራተኛ።

አድማ ግን እናውቃለን። የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በሀገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ፤ ለቀናት ከተማው ቀጥ አለ። በዓመት ተኩል ውስጥ ደግሞ፣ መስከረም 1968 ዓ.ም.፣ የኮንፌዴሬሽኑን መግለጫ በሚያሰራጩ የአየር መንገድ ሠራተኞች ላይ ተኩስ ተከፍቶ ሰው ሞተ። ልብ በሉ፣ ያኔ ሠራተኛው የሞተበት ነገር ወረቀት ነው። በዚያው ዘመን በስውር በስቴንስል እየተባዙ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄዱ ኅትመቶች ነበሩ፤ "ዴሞክራሲያ" አንዷ ናት። አሠሪ አልነበራቸውም፤ ፓርቲ ግን ነበራቸው። ሠራተኛው ስሙ በየገጹ ይጠራል፤ ገጹን የሚያዝዘው ግን እሱ አልነበረም።

ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ ነገሩ ተቀየረ። ቀደም ሲል በመንግሥት ጋዜጦችና መጽሔቶች የሠሩ ሰዎች ወጥተው የራሳቸውን ጀመሩ፤ ሙሉጌታ ሉሌ የጻፉባት "ጦቢያ" ከነዚያ ናት። በ2000 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ "አዲስ ነገር" መጣች፤ ወጣት ጋዜጠኞች በጋራ የመሠረቷት፣ የሚጽፉባትም የሚያስተዳድሯትም እነሱው። አድማ የወለዳት አይደለችም፣ በሕግም ኅብረት ሥራ አልነበረችም። ግን ለኛ ትውልድ ጋዜጣ በጓደኞች እጅ ሊቆም እንደሚችል ያሳየችው እሷ ናት። ኅዳር 2002 ዓ.ም. ተዘጋች፤ አዘጋጆቿ ክስ እየተዘጋጀብን ነው ብለው ከሀገር ወጡ። እዚህ ጋ የኛ ነገር ከማዲሰን ይለያል። እዚያ ሒሳቡ ነው የገደለው። እዚህ ሒሳቡን ብትችለው እንኳ ሌላ የሚጠብቅህ አለ።

ሌላም አለ። የግል ጋዜጦቻችን አብዛኞቹ የታተሙት በዚያው በብርሃንና ሰላም ነው። አሠሪህን ብትሰናበት ማተሚያ ቤቱን አትሰናበትም፤ የወረቀት ዋጋ ሲጨምር ሁላችሁም አብራችሁ ትሰማላችሁ። ሽያጩም የራሱ ጉድ ነበረው። አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ በኪራይ ይነበብ እንደነበር ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። አንዷ ቅጂ ድንጋይ ላይ ከተቀመጠ አንባቢ ወደ ሌላው ስትዞር ትውላለች፤ አዟሪው በእያንዳንዱ አንባቢ ሳንቲም ያገኛል፣ ጋዜጣው ግን የሚያገኘው የአንዷን ዋጋ ብቻ ነው። ብዙ የተነበበ ጋዜጣ ሁሉ ብዙ የተሸጠ አይደለም።

"ኅብረት ሥራ" የሚለው ቃልም ራሱ ጠባሳ አለበት። ለወላጆቻችን ቃሉ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍን፣ የስኳር ኩፖንን፣ ገበሬው ሳይወድ የገባበትን የአምራቾች ማኅበር ነው የሚያስታውሰው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147፣ ኋላም በ2009 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 985፣ በፈቃደኝነትና በአንድ አባል አንድ ድምፅ ላይ የቆሙ ናቸው። ቡና አምራቹ፣ ቆጣቢው፣ ቤት ሠሪው ተጠቅሞባቸዋል። ያን ማታ ግን ቃሉን ሳነሣ አራሚያችን ፊቱን አጨማደደ። "ስም ቀይሩለት" አለ።

የሚገርመው፣ ሥራውን እናውቀዋለን። ኮልፌ ውስጥ ዕድር የሌለበት መንደር፣ ዕቁብ የሌለበት የገበያ ረድፍ ፈልጉ እስቲ። ዳኛ ይመረጣል፣ ጸሐፊ ይመረጣል፣ ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ባለሱቁም ተሸካሚውም እኩል ያዋጣል። እናቴ ፊርማዋን በቅጡ ሳታውቅ የዕድር ሒሳብ ስታስመረምር አይቻለሁ። ጋዜጣ ግን ዕጣው መቼ እንደሚወጣ የማይታወቅ ዕቁብ ነው። ማዲሰኖቹ ከሁለት ዓመት በላይ ጣሉ፤ ዕጣው አንድ እሑድ ወጣ፤ የወጣውም ለነሱ ኪስ አልነበረም።

ስለዚህ ማስረጃዬን አገኘሁ አላገኘሁም? አብዛኞቹ ይዘጋሉ፤ እውነት ነው። እኛም ምናልባት በሦስተኛው ወር እንዘጋ ነበር። ግን መዘጋታቸውን ሳነብ የምጠይቀው ሌላ ሆነ፦ ክፍት በነበሩበት ጊዜ ማን ምን አተመ? እኔ ለመልቀቅ ያቀረብኩት ምክንያት "አይዘልቅም" የሚል ነበር። አሁን ሳስበው፣ መዝለቅ አለመዝለቁ እኔ በስምንተኛው ቀን፣ ሳልናገር፣ ለመውጣቴ መልስ አይሆንም። ለመውጣት መብት ነበረኝ። ያልነበረኝ መብት "ሁለት" ብዬ ሌሎቹን በዚያ ቁጥር እንዲያሰሉ ማድረግ ነው።

ባለፈው ወር ጦር ኃይሎች ታክሲ ተራ ላይ ዲዛይነራችንን አገኘኋት። አሁን የሠርግ ካርድና የባነር ሥራ ትሠራለች። ሰልፉ ረጅም ስለነበር የማዲሰኖቹን ታሪክ ከነእሑዱ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"አንተስ" አለች፣ "አሁን ቢሆን ስንት ወር ትላለህ?"

የባንክ ደብተሬን፣ የቤት ኪራዬን፣ ለእናቴ የምሰጠውን በልቤ ደመርኩ። "አራት" አልኩ።

"እርግጠኛ ነህ?"

እንደገና ደመርኩ። "ሦስት።"

"ሦስት ይሻላል" አለች፣ ታክሲዋ መጣና ገባች።